ደወሉ መርፌ ሲይዝ

አንባቢ ሆይ፥ የትምህርት ቤት ደወል ሲጮኽ ምን ይታሰብዎታል? ተማሪ ከሆኑ ዕረፍት፤ አስተማሪ ከሆኑ ያላለቀ ትምህርት፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ ያለፈው ዘመን ይታወስዎት ይሆናል። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ደወል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ መርፌ ነው። እንዴት ቢሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። አንድ ቀን በአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ያገለገለ የኤሌክትሪክ ደወል ፈታትቼ፥ ኮረንቲ ብረትን እንዴት ማግኔት እንደሚያደርገው አሳይ ነበር። ደወሉ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲጮኽ፥ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፥ የንቅሳት መኪና የሚሉት ነገር ከዚህ ይለያል?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም ነበርና «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍሁ። አስተማሪ «ነገ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ንቅሳት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሴት አያቴ አንገት ላይ እስከ ዛሬ በደብዛዛ ሰማያዊ መስመር የተነቀሰ ሐብል አለ፤ ድዷም ተነቅሷል። መርፌና ጥላሸት፥ አንዲት ዐዋቂ ሴት፥ ብዙ ትዕግሥትና ብዙ እንባ፤ መሣሪያው ይኸው ነበር። ሲነቅሷት ስንት ቀን እንደ ወሰደ ስጠይቃት፥ «ቀኑን ማን ቈጠረው፤ እብጠቱን እንጂ!» አለችኝ። ይህችን ቃል ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማኋት።

ያን ማታ ስለ መኪናው ማንበብ ጀመርሁ፤ የልጁም ግምት ከሞላ ጐደል ልክ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው ሊቅ ቶማስ ኤዲሰን በ1876 ዓ.ም. «የኤሌክትሪክ ብዕር» የሚባል መሣሪያ አስመዘገበ። ዓላማው ቆዳ መንቀስ አልነበረም፤ በብዕሩ ራስ ላይ የተተከለች ትንሽ ሞተር መርፌን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል እየወጋች ወረቀትን ትበሳለች፤ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነው ጽሑፍ ላይ ቀለም ሲታሽበት ብዙ ቅጂ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያው የተሠራው ለጸሐፊዎች ነበር ማለት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1891፥ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ የዚያኑ ብዕር አሠራር ወስዶ፥ ቀለም የሚይዝ ጫፍ ጨምሮበት የንቅሳት መኪና ብሎ አስመዘገበ። በለንደንም ሰዘርላንድ ማክዶናልድ የተባለ፥ በቱርክ መታጠቢያ ቤት ይሠራ የነበረ ነቃሽ፥ በ1894 የራሱን መኪና አስመዘገበ።

ደወሉ የመጣው ትንሽ ቈይቶ ነው። በክፍለ ዘመኑ መለወጫ ገደማ፥ ይኸው የለንደኑ አልፍሬድ ሳውዝ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለውን የበር ደወል አሠራር ወስዶ በናስ ሣጥን ውስጥ አደረገውና መዶሻውን በመርፌ ለወጠው። መኪናው በጣም ስለ ከበደ፥ የእጅን ድካም ለማቅለል ከጣሪያ ላይ በሞላ ያንጠለጥሉት ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ለምን ቢሉ፥ ሞላን ባልታሰበ ቦታ ማስገባት የጀማሪዎች ስሕተት ብቻ ሳይሆን የሙያው አባቶች ልማድም እንደ ነበረ ያሳያልና። ከዚያ ወዲህ የኒው ዮርኩ ቻርሊ ዋግነር በ1904፥ የዲትሮይቱ ፐርሲ ዋተርስ በ1929 አሻሻሉት። በ1979 ደግሞ ካሮል ናይቲንጌል የተባለ የዋሽንግተን ሰው፥ ጥቅል ሽቦውም ሞላውም ብሎኑም ሁሉ እንደ ልብ የሚስተካከልበትን መኪና አስመዘገበ። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የተደከመው፥ አብዛኛው ለዚያች ለስስ ብረት ነው ለማለት ይቻላል።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ኮረንቲው በጥቅሉ ሽቦ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ይሆናል፤ ከላዩ ያለውን ተንቀሳቃሽ ብረት ወደ ታች ይስበዋል፤ መርፌውም አብሮ ይወርዳል። ነገር ግን ብረቱ በወረደ ጊዜ ራሱ ኮረንቲ ከሚያገኝበት ብሎን ይላቀቃል፤ ማግኔቱ ይሞታል፤ ሞላው ብረቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ብረቱም ብሎኑን ነክቶ እንደ ገና ኮረንቲ ያገኛል። አስቀድሞ ራሱን ይገድላል፤ ከዚያ ራሱን ያስነሣል፤ ይህንኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሰማንያ፥ መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ልብ ብለው ቢያዩ በደኅናው መኪና ላይ ሞላው ሁለት ነው። የኋላው ሞላ ብረቱን ተሸክሞ ይመልሳል። የፊተኛው ደግሞ ጫፉ ብሎኑን የሚነካው ነው። የፊተኛው ለምን አስፈለገ? ብረቱ ራሱ ብሎኑን ቢነካው ገና ፀጉር ያህል ሳይወርድ ኮረንቲው ይቈረጣል፤ መኪናውም ይነዝራል እንጂ አይወጋም። የፊተኛው ሞላ ግን እየተለጠጠ ብረቱን ተከትሎ ጥቂት ይወርዳል፤ ለማግኔቱም የመሳቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። የመኪና መካኒክ ይህን ቢያይ «ፑንቲና ነው!» ማለቱ አይቀርም፤ አልተሳሳተም።

ከነገ በኋላ ባለው ሳምንት መልሱን ለልጁ ነገርሁት። እርሱ ግን መልስ ብቻ አልበቃውም፤ «እንሥራው» አለ። እኔም ወረቀት የሚበሳ መኪና፥ የኤዲሰንን ብዕር የሚመስል፥ ብንሠራ ለትምህርቱ ይጠቅማል ብዬ ተስማማሁ። ከሦስት ሌሎች ልጆች ጋር ሆነን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርን። መዶሻውን በሴጌቶ ቈረጥነው፤ በቦታው የልብስ መርፌ አሰርን፤ የብዕር ቀፎ ቱቦ ሆነ። ኮረንቲው ከቤተ ሙከራው 6 ቮልት ነው። ፍጥነቱን የለካነው ክራር በሚቃኝበት የስልክ መተግበሪያ ነው፤ የመኪናው ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ቍጥሩን ይጽፍልናል።

የደወሉ የራሱ ሞላ በሰከንድ 38 ብቻ ሰጠን። ወረቀቱን ከመብሳት ይልቅ ይቀደው ነበር። ሞላውን እንለውጥ አልንና የሞላ አደን ጀመርን።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር ልንገርዎት፤ አይሽሹኝ፥ አጭር ነው። አንድ ጫፉ የታሰረ ስስ ብረት ወርዱን እጥፍ ቢያደርጉት ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ቢያደርጉት ግን ስምንት እጥፍ ይገትራል። ርዝመቱን በግማሽ ቢያሳጥሩትም እንዲሁ ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ0.4 ሚሊ ሜትር ወደ 0.5 መሄድ በዓይን የማይለይ ነገር ቢመስልም ግትርነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የመርገብገቡም ፍጥነት 1.4 ጊዜ ገደማ ያድጋል። በምስማር ጫፍ ተመዝኖ በቶን የሚከፈል ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው የሴጌቶ ምላጭ ነበር። ልጆቹ «ጠንካራ ይሻላል» ብለው ነበርና እኔም ዝም አልሁ። መኪናው እንደ ትንኝ ጮኸ፤ ቍጥሩም 150 አለፈ፤ መርፌው ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልወረደም። ማግኔቱ ሊስበው አልቻለማ! ቮልቱን ስንጨምር ጥቅሉ ሽቦ ፈጀን። ቀጥሎ የአናጢ ሜትር ቈርጠን አሰርን። ይህ በጣም የሚያስቅ ሞላ ነው፤ ወርዱ ጐበጥ ያለ ስለ ሆነ እስከ አንድ ልክ ድረስ ይገትርና በድንገት እጥፍ ይላል። ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ እንደ አንካሳ እርምጃ ተሰለፉ። ላስቲክም ሞከርን፤ ቤት ውስጥ በሚሠሩ መኪናዎች ላይ የሚዘወተረው እርሱ ነው አሉ። ለአምስት ደቂቃ ያህል መልካም ነበር፤ ከዚያ ላስቲኩ ሞቀ፥ ላላ፥ ድምፁም እንደ ደከመ ዘፋኝ እየወረደ ሄደ። ብረት የተቀበለውን ጉልበት ከሞላ ጐደል ይመልሳል፤ ላስቲክ ግን ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጥና ለራሱ ያስቀራል።

ከሁሉ ያከራከረን የባሌስትራው ሐሳብ ነው። ከልጆቹ የአንዱ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ «የእኛ መኪና ሞላ ተደራራቢ ነው፤ ለምን እኛም አንደራርብም?» አለ። ግሩም ጥያቄ ነው! አራት ስስ ብረቶች ቢደራረቡ ግትርነታቸው የአንዱ አራት እጥፍ ነው፤ የአራቱን ውፍረት የያዘ አንድ ወጥ ብረት ግን ስልሳ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተደራራቢው ብዙ ሳይገትር ብዙ ይሸከማል። በምላጭ ሞከርን፤ ምላጩ ተሰብሮ ስባሪው ጆሮዬን ጭሮኝ አለፈ፤ እኔም ምላጭ ከቤተ ሙከራው በዐዋጅ ከለከልሁ። በምትኩ መካኒኮች የቫልቭን ክፍተት የሚለኩበትን ስስ ብረት ገዛን፤ ውፍረቱ በላዩ ስለሚጻፍ ለሙከራ ከዚህ የሚሻል የለም። ሁለት ባለ 0.2 ደራርበን 85 አገኘን፤ መርፌውም ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ወረደ። ችግሩ ግን አለ፤ የተደራረቡት ብረቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ለጭነት መኪና ፍትጊያው በጎ ነው፤ መንጠሩን ያበርደዋል። ለእኛ ግን መንጠሩ ነው የሚፈለገው።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር ነበር፤ ሞላ ይሰለቻል። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚታጠፍ ብረት በአንድ ሰዓት 360,000 ጊዜ ይታጠፋል። ስብራቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከብሎኑ ቀዳዳ፥ ወይም ሞረድ ከጫረው ጠርዝ ነው። ጠርዙን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስነው ሞላ፥ ካላለሰለስነው ብዙ ቀን አልፎ ኖረ። ብሎኑና ሞላው በተለያዩ ቍጥር የሚፈነጥቀውን ብልጭታ ደግሞ ከአሮጌ ሬዲዮ በተፈታ ባለ 47 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር አበረድነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በኅዳር መጨረሻ፥ ያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ተጭኖ የሚከፈት የእስክሪብቶ ሞላ፥ ያችን ጥምዝምዝ፥ ከቀፎው ጫፍ ውስጥ እንደ ነበረች አስቀምጦ መርፌውን በመካከሏ አሳለፈው። ማግኔቱ መርፌውን ወደ ታች ሲገፋ ጥምዝምዟ ትጨመቃለች፤ ሲለቀው ወደ ላይ ትመልሰዋለች። የኋላው ሞላ ብረቱን መያዝ ብቻ ነው ሥራው። መርፌው ላይና ታች ተይዟልና አይወላገድም። ቍጥሩ 96 ሆኖ ቆመ፤ ለግማሽ ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ ላይ የአልበርት አንስታይንን ፊት በነጥብ ሣልንበት። ብርቱካን ልጣጭ ላይ በቀለም ስንሞክረውም መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆነ። ልጁን በክፍሉ ፊት አመሰገንሁት። እውነቱን ልናገር፥ ከእርሱ ይልቅ የኰራሁት እኔ ነኝ።

ዐርብ ማታ መኪናውን በመሳቢያ አስገብቼ ሄድሁ። መሳቢያው ቍልፍ የለውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጁ በሙቀት ሹራብ ለብሶ መጣ። ክንዱን እንዲያሳየኝ ለመንሁት፤ አልተከራከረኝም። ሁለት ፊደል ነው፤ የእናቱ ስም መጀመሪያ። ዙሪያው ቀልቷል፥ አብጧል። አስቀድሞ የአንድ ጓደኛውን ክንድ ነቅሶ ነበር፤ ቀጥሎም የራሱን። ልቈጣ ስጀምር በጣም በእርጋታ መለሰልኝ፤ «ቲቸር፥ መርፌውን ቀይሬያለሁ እኮ። አዲስ መርፌ ነው።»

ዋሽቶኝ አልነበረም። መርፌውን ቀይሯል። ሞላዋን ግን አልቀየረም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ቱቦውን ከፍተን አይተነው አናውቅም ነበር። ያን ቀን በቢላዋ ሰንጥቄ አየሁት፤ ጥምዝምዟ ከታች እስከ ላይ ጠቍራለች፤ በቀለበቶቿ መካከል የደረቀ ነገር ተጋግሯል። ምክንያቱ የፊዚክስ ነው፤ የእኔው ትምህርት ነው። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ በራሱ ወደ ላይ ይሳባል፤ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሞላዋ በሰከንድ 96 ጊዜ ስትጨመቅና ስትለቅ ስፖንጅ ሆናለች። ከታች የሚመጣው ደግሞ ቀለም ብቻ አይደለም። ንቅሳት እንዳይጠፋ መርፌው ከላይኛው ስስ ቆዳ አልፎ፥ የደም ሥር ወዳለበት ወደ ሁለተኛው ቆዳ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት አልፎ መግባት አለበት። ደም የሌለበት ንቅሳት የለም።

እንግዲህ በደኅናው መኪና ላይ ሞላዎቹ ከላይ፥ ከቆዳው ርቀው የተቀመጡት በአጋጣሚ አይደለም። ታች ያለው ቱቦና መርፌ ብቻውን ወልቆ ይጣላል፥ ወይም በሕክምና መሣሪያ መቀቀያ በ121 ዲግሪ ሙቀትና በግፊት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። ዛሬ በሚሸጡት ታሽገው በሚመጡ መርፌዎች ውስጥም መርፌውን የሚመልስ ሞላ ወይም ላስቲክ ይገኛል፤ ነገር ግን ፈሳሽ እንዳያልፍ በስስ ሽፋን ይጋረዳል፤ ከአንድ ሰው በኋላም ይጣላል። ልጁ የፈለሰፈው ሐሳብ ስለዚህ ሞኝነት አልነበረም። የጐደለው ሽፋኑና መጣያው ነው።

«ብንቀቅለውስ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ልጆቹም ጠይቀውኛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዕሩ ቀፎ ደግሞ 121 ዲግሪ ቢያገኘው ይጣመማል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ፥ ከሰውነት ውጭ፥ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቈይ ይችላል። የእኛ መኪና ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ የተሻገረችው በሃያ ደቂቃ ነው።

ሁለቱንም ልጆች ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ወላጆቻቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ መኪናውን ያሠራሁትም እኔ መሆኔን የተናገርሁት እኔ ነኝ። የልጁ እናት ክንዱን አይታ የራሷን ስም ፊደል ስታገኝ የሆነችውን እዚህ አልጽፈውም። ለእብጠቱ መድኃኒት ተሰጠው፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጀመሩ፤ ደማቸውም ተመረመረ። የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሄፓታይተስ ሲ በደም ምርመራ እስኪታወቅ ድረስ እስከ ስድስት ወር ሊቈይ ስለሚችል፥ እንደ ገና ተመለሱ ተባሉ።

በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ተመሳሳይ መኪና ሠራሁ። ቱቦው በቀይ ሥር ውሃ እስኪርስ ድረስ ብርቱካን ወጋሁበት። ከዚያ መርፌውን በሁሉም ፊት አውጥቼ አዲስ፥ ከፖስታው የወጣ መርፌ አስገባሁና የተቀቀለና የተላጠ እንቍላል ወጋሁ። ነጩ እንቍላል ላይ ቀያይ ነጥቦች ተሰለፉ። ከፊት ወንበር ያሉት አዩት፤ ከኋላ ያሉት ተነሥተው መጡ። ማንም አልሳቀም።

መኪናዋ ዛሬም አለች፤ መሳቢያውም ቍልፍ አለው። መርፌዋን አውጥተን በቦታው የደነዘዘ ዘንግ አደረግን፤ ከሥሩ የካርቦን ወረቀትና ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ይሳባል። በሰከንድ 85 ነጥብ ስለምትመታ፥ የወደቀ ዕቃ ፍጥነት በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚያድግ በነጥቦቹ ርቀት ይለካል። ሞላው ሁለቱ ባለ 0.2 ተደራራቢ ብረቶች ናቸው። ሲላላ የሚያስተካክለው ያው ልጅ ነው፤ ካቻቢቴውን ይዞ፥ ጆሮውን አስጠግቶ፥ ስልኩን ሳያይ ቍጥሩን ያውቀዋል። ሁለተኛው ምርመራቸው ሰኔ ላይ ነው።